ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሞ ቀረ፣ ዳቦዬ ድንጋይ ሆነ፤ ጥፋቱ የማነው?

የጎፋዋ · እሑድ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ፣ ልጻፈው።

ሳወርዶ ጀምሬያለሁ፣ ያ በቤት እርሾ የሚቦካው ጎምዘዝ ያለ ዳቦ። እርሾውን ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። ከ10 ቀን በፊት ዱቄትና ውሃ በእኩል ሚዛን በማርማላታ ጠርሙስ አዋሃድኩ። በሁለተኛው ቀን ገንፍሎ ክዳኑን ገፋው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ለእናቴ ሁሉ ደወልኩላት። በሦስተኛው ቀን ጭጭ አለ። በአምስተኛው ቀን ትንሽ አረፋ ሲያሳየኝ "በቃ ደርሷል" ብዬ ጋገርኩበት። አልሆነም። በሰባተኛው ደገምኩ። አልሆነም። የዛሬው ሦስተኛዬ ነው።

መጠኑ ይኸው። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 375 ግራም ውሃ፣ 100 ግራም እርሾ፣ 10 ግራም ጨው። ከቪዲዮ ነው የወሰድኩት። ሰውየው "4 ሰዓት ይቦካ" ይላል፣ 4 ሰዓት አስቦካሁ። ሊጡ አጥሚት ነው የመሰለው። እስከ ክርኔ ተጣብቆብኝ በር ሲንኳኳ መክፈት አቅቶኝ "ማነው? ቆይ! ማነው?" እያልኩ ቀረሁ።

ዋናው ጉድ ከዚያ ነው የመጣው። ሰውየው "የዳቦው ልብ 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት" ይላል። ለዚህ ብዬ ቴርሞሜትር ገዛሁ። በ45 ደቂቃ ወጋሁት፣ 91 አለ። በአንድ ሰዓት 92። በአንድ ሰዓት ከሩብ አሁንም 92። ኦቨኑን ጨመርኩ። 92። ቤቱ በጭስ ታጠነ፣ ባለቤቴ መስኮት እየከፈተ "ምንድነው የሚያርረው?" ይላል፣ እኔ ቁጥሩ ላይ አፍጥጬ ቆሜያለሁ። ሳወጣው ቅርፊቱ ቢላ አላስገባ አለ። በመከራ ከፈትነው። ከላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ዋሻ፣ ከሥር ድርቅ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ ነገር።

ቴርሞሜትሩ ነው የተበላሸው፣ ኦቨኑ ነው፣ ወይስ እኔ ነኝ?

ኬሚስቱ · እሑድ ማታ 2፡50

ቴርሞሜትርሽ ደህና ነው፣ እንዳትመልሺው። ውሃ አፍይና ጫፉን ንከሪው። 92 አካባቢ ካለሽ ነገሩ አለቀ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል። ዳቦው ውስጥ ደግሞ ውሃ አለ። ውሃው እስካለ ድረስ የዳቦው ልብ ከውሃው መፍያ በላይ አይሞቅም፣ ኦቨኑን 250 ብታደርጊውም። ያ ሰውዬ ባሕር አጠገብ የሚኖር መሆን አለበት። እስከ ገና ብትጠብቂ 98 አይልም። 98 ካለ ከሰል ሆኗል ማለት ነው።

ሽምብራ እዚህ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ አይደል? ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ይበስላል። እዚያ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው 96 ይደርሳል። የዳቦሽም ታሪክ ይኸው ነው። ላንቺ 90 ወይም 91 ካለ በስሏል።

የጎፋዋ · እሑድ ማታ 3፡20

ተነስቼ አፈላሁ። 92። ባለቤቴ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀብኝ።

ያን ዳቦ ግን ማን ይመልስልኛል? ሦስቱንም።

እትዬ አክንባሎ · ሰኞ ጠዋት 1፡30

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ ስህተት ካለ የሷ ነው።

እኔ ቴርሞሜትር አላውቅም። ዳቦውን ገልብጠሽ ሆዱን በጣትሽ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጊው። ከበሮ ከመሰለ በስሏል። ድፍን ድምፅ ከሰጠሽ መልሰሽ ክተችው። እኔ ድፎ ስደፋ አርባ ዓመት ያለፈኝ በዚሁ ነው። በዓል በደረሰ ቁጥር ስንቱን ደፍቻለሁ፣ የስንቱንም ልጅ ልደት።

ደግሞ ቅርፊቱ ቢላ አላስገባ አለ ያልሽው እንፋሎቱ አምልጦብሽ ነው። እኛ ምጣዱ ላይ ኮባ ዘርግተን፣ ሊጡን ደፍተን፣ ከላይም በኮባ ሸፍነን አክንባሎውን ስንከድን እንፋሎቱ ወዴት ይሄዳል? እዚያው ነው። ከዚያ አክንባሎው ላይ እሳት። ከላይም ከታችም። አንቺ ዝም ብለሽ ኦቨን ውስጥ ራቁቱን ነው ያስቀመጥሽው?

የጎፋዋ · ሰኞ ጠዋት 2፡05

እትዬ፣ አዎ ራቁቱን ነው። አሁን እርስዎ ሲሉት አፈርኩ።

ዱባይ ምድጃ · ሰኞ ከሰዓት 9፡40

እዚህ ሆቴል ውስጥ ዳቦ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ትንሽ ልጨምር። የተለያየ በሽታ አንድ ላይ ይዘሽ ነው የመጣሽው፣ ለያይተን እንየው።

የማብሰሉን ኬሚስቱ ጨርሶታል። ቅርፊቱን እትዬ ነግረውሻል። ወፍራም ብረት ድስት ከነክዳኑ ኦቨን ውስጥ አግዪው፣ ሊጡን ክተቺና ክደኚው፣ በ240 አካባቢ 20 ደቂቃ። ከዚያ ክዳኑን አንሺና እስኪቀላ ሌላ 20 ወይም 25። የድስቱ እጀታ ፕላስቲክ አለመሆኑን እዪ፣ አንድ ልጅ እዚህ አቅልጦ ኦቨኑን ሁለት ቀን አሽትቶብናል።

አሁን ወደ ዋሻው። ከላይ ትልቅ ቀዳዳ፣ ከሥር ጥቅጥቅ ካለ ብዙውን ጊዜ ሊጡ አልቦካም ማለት ነው። እርሾሽ ገና ነው። በሁለተኛው ቀን የገነፈለው እርሾ አይደለም። ዱቄቱ ላይ የነበሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ጋዝ የሚያወጡት፣ ጎምዛዛነቱ ሲበረታ እነሱ ይሞታሉ። ጭጭ ያለው ለዚያ ነው። እውነተኛው እርሾ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀስ ብሎ። ሁሉም ጀማሪ እዚያ ላይ ይሸወዳል፣ ወይ ሞተ ብሎ ይደፋዋል ወይ ደረሰ ብሎ ይጋግርበታል። ጠርሙሱ ላይ ላስቲክ አሥሪና ለኪ። ከቀለብሽው በኋላ (አዲስ ዱቄትና ውሃ ከሰጠሽው ማለቴ ነው) በ6፣ በ8 ሰዓት ውስጥ እጥፍ መሆን አለበት፣ ያውም ሦስት ቀን በተከታታይ። እስከዚያ ሊጥ ውስጥ አይግባ።

ኩሽናሽ ስንት ዲግሪ ነው?

የጎፋዋ · ሰኞ ማታ 1፡10

ያው ቴርሞሜትር ለዚህም ጠቀመኝ። ቀን 20፣ ማታ 17። ኅዳር ነው፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል።

ዱባይ ምድጃ · ሰኞ ማታ 1፡35

ይኸው። የቪዲዮው ሰውዬ 4 ሰዓት ያለው ኩሽናው 25 ቢሆን ነው። ባንቺ 17 እና 18 እስከ 9፣ 10 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። እኔ እዚህ በሐምሌ ያቦካሁት ሊጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚያልቀው፣ በረዶ ውሃ ነው የማቦካበት። ስለዚህ የኔን ሰዓት ብሰጥሽም ገደል ነው የምትገቢው።

ሊጡን ካቦካሽ በኋላ የሎሚ ፍሬ የምታክል ቆርጠሽ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ጠፍጥፊያት፣ ቁመቷን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። ከዋናው ሊጥ አጠገብ ትቀመጥ። ብርጭቆው ውስጥ ያለችው በግማሽ ወይም ትንሽ በለጥ ብላ ኩፍ ስትል ዋናውም ደርሷል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ ሊጥ በዓይን ያታልላል።

ኬሚስቱ · ሰኞ ማታ 1፡50

አንድ ተቃውሞ። ከፍታ ላይ ጋዙ ቶሎ ስለሚለጠጥ ሊጥ ፈጥኖ ነው ኩፍ የሚለው። "ሰዓቱን ቀንሱ" ነው የሚባለው።

ዱባይ ምድጃ · ሰኞ ማታ 2፡00

ሙቀቱ እኩል ቢሆን ልክ ነህ። 17 ዲግሪ ላይ ግን ብርዱ ያንን ጥቅም በልቶ ይጨርሰዋል። ብርጭቆውን ታይ።

ቡሆ · ሰኞ ማታ 2፡30

እኔ መካኒሳ ነኝ፣ ለጎፋ ጎረቤት ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ የኔን ስሚ፣ የነሱ ከሩቅ ነው 😄

1) 375 ውሃ በኛ የፉርኖ ዱቄት ይበዛል። ያ ሰውዬ የሚጠቀመው ፕሮቲኑ 12 እና 13 በመቶ የሆነ ዱቄት ነው። የኛ ከረጢት እስከ ከረጢት ይለያያል፣ አንዳንዱ ውሃ አይሸከምም። ከ325 ጀምሪ፣ እጅሽ ሲለምድ ጨምሪ።

2) እንጀራ የምትጋግሪበት ቀን ሊጡን ምጣዱ አጠገብ አስቀምጪው፣ ላዩ ላይ ግን አይሁን! እኔ አንዴ ላዩ ላይ አስቀምጬ ሥሩ በሰለ። ግማሽ ሊጥ ግማሽ ቂጣ።

3) የሊጥ ቅርጫት አትግዢ። የፓስታ ማጥለያ ውስጥ ፎጣ አንጥፊ፣ የሩዝ ዱቄት ነስንሺበት። በስንዴ ዱቄት ከሆነ ፎጣው ከሊጡ ጋር ይጋባል።

4) አታቡኪ። በየግማሽ ሰዓቱ አራት ጊዜ እጅሽን አርጥበሽ ከዳር ጎትተሽ ወደ መሃል እጠፊው፣ ነጠላ እንደምታጥፊው። አራተኛው ላይ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ ጠዋት 12፡20

325 ውሃ ማለት እኮ የዱቄቱ 65 ፐርሰንት ነው፣ ዝግ ያለ ዳቦ ነው የሚወጣት። እኔ 80 ነው የምሠራው፣ ዓይኑ እንደ እንጀራ ፈታ ፈታ ይላል።

ቡሆ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡00

ወንድሜ አንተ ያለህበት አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ዱቄቱ ላይ ፕሮቲኑ ተጽፎበታል። እኛ ባለሱቁን "ጥሩ ነው?" ብለን ነው የምንገዛው፣ እሱም "አሪፍ ነው" ይላል።

ሰው ምን ይለኛል · ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ቆይ እኔ ያልገባኝ። ቪዲዮዎቹ ላይ በየቀኑ ስትቀልቡ የእርሾውን ግማሽ ጣሉ ይላሉ። ዱቄት በዚህ ዋጋ! እኛ ቤት እንጀራ መሬት ከወደቀ ተነስቶ ይሳማል። እህል መድፋት መቼ ነው ሙያ የሆነው? ደግሞ ለአንድ ዳቦ ሁለት ቀን? የሰፈር ዳቦ ቤት አለ እኮ።

እትዬ አክንባሎ · ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

ይኼን ልጅ ወደድኩት። እኔም ግራ ገብቶኛል። እርሾ እንደ በግ የሚቀለብ ሆነ? እኛ ከሊጡ ቆንጥረን እናስቀር ነበር፣ ለሚቀጥለው። ካለቀብን ጎረቤት ነው የምንልከው፣ "እርሾ ስጡኝ በላቸው" ብለን። ማንም የሚደፋ አልነበረም።

ቡሆ · ማክሰኞ ከሰዓት 7፡30

እትዬ ልክ ነዎት፣ ሰው ምን ይለኛልም ልክ ነው። ችግሩ ቪዲዮዎቹ ላይ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሙሉ እርሾ ነው የሚያሳዩት። ለምን? እኔ 10 ግራም ብቻ ነው የማስቀረው። የሻይ ማንኪያ ሁለት ናት። 10 ዱቄት፣ 10 ውሃ እቀልባታለሁ። የምጋግርበት ዋዜማ ማታ 20 ግራም ወስጄ 50 ዱቄት፣ 50 ውሃ እሰጠዋለሁ፣ ጠዋት 120 ግራም የደረሰ እርሾ አለኝ። 100 ለሊጡ፣ ትርፉ ተመልሶ ፍሪጅ። ሳምንቱን ሙሉ አልነካውም። የሚጣል ነገር የለም።

አሁን ጀማሪ ስለሆንሽ የሚተርፍሽን ግን ሰብስበሽ ፍሪጅ አስቀምጪና ቂጣ ጋግሪው። ጎምዘዝ ይላል። በዘይትና በበርበሬ ጨጨብሳ አድርጊው፣ ለጾሙም ይሆናል። እኔ ለዳቦው ሳይሆን ለዚያ ጨጨብሳ ብዬ እርሾ የምቀልብበት ሳምንት አለ።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለኝም። ዳቦ ቤቱ አለ፣ እውነት ነው። አንዳንዱ ሰው ኳስ ያያል።

የጎፋዋ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

እኔ የጀመርኩት በጾሙ ነው። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የሱቁ ላይ ወተት ይኑርበት አይኑርበት እየጠየቅኩ ከምኖር ብዬ። ከዚያ ሱስ ሆነ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ጠርሙስ የማይ ሰው ሆኛለሁ።

ጥያቄ ግን አለኝ። ቤት የጤፍ እርሾ አለ፣ ሁሌም አለ። ለምንድነው በዚያ የማልጋግረው? ሁለቱም እርሾ አይደሉም?

ሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ ጠዋት 12፡45

ሞክሬዋለሁ! ከቡሃቃው ላይ የሚቀረረውን ቢጫ ውሃ ወስጄ በቀጥታ ስንዴ ሊጥ ውስጥ። ተነሳ፣ አልዋሽም። ግን ከኦቨን ሲወጣ ቤቱ እንጀራ እንጀራ ሸተተ። ባለቤቴ ከላይ ወርዳ ዳቦውን አይታ "ወጡስ?" አለችኝ።

ኬሚስቱ · ረቡዕ ጠዋት 2፡10

ይሄ የኔ ሜዳ ነው፣ ፍቀዱልኝ። በእርሾ ውሃ ላይ በተደረገ ጥናት በብዛት የተገኘው ካንዲዳ ሚሌሪ የሚባል ነው። ያው ዘር በሳን ፍራንሲስኮ ሳወርዶ የታወቀው እርሾ ነው። አሁን ስሙን ካዛክስታኒያ ሁሚሊስ ብለውታል። እዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ1971 እ.ኤ.አ. አንድ ሊጥ የሚያጎመዝዝ ባክቴሪያ ለይተው በከተማዋ ስም ጠሩት፣ ሰዉም የነሱ ብቻ ነው ብሎ ኮራ። ኋላ ሲታይ በየአገሩ ሳወርዶ ውስጥ አለ።

ስለዚህ መነሻው ይሠራል። ግን ጤፍ ሊጡን የሚይዝ ግሉተን የለውም፣ ቡኮውም በጣም ጎምዝዟል፣ ጎምዛዛው ሲበዛ የስንዴውን ሊጥ ያላላዋል። አንድ ማንኪያ ወስደሽ ሦስት አራት ጊዜ በስንዴ ዱቄት ቀልቢው፣ ይለምዳል።

እትዬ አክንባሎ · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ያን ስም ሁሉ ተዉትና፣ አብሲት የምጥልበት ቡኮ ላይ እጅ እንዳታስገቡብኝ ብቻ።

ከሀይፋ · ረቡዕ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ሳነብ ሳቄ አላቆም አለ። አያቴ ከጎንደር ናት፣ ለሰንበት ዳቦ ዓርብ ጋግራ ነው የምታስቀምጠው፣ አሁንም። እኔ ደግሞ ሳወርዶውን ተማርኩ፣ እዚህ በዕብራይስጥ ማሕሜጼት ይሉታል።

የኔ ችግር ከናንተ ይለያል። እኛ አይሁድ በፋሲካችን የቦካ ነገር ቤት ውስጥ አይኖርም። እርሾ ደግሞ ዋናው የቦካ ነገር ነው፣ ፍሪጅ መደበቅ የለም! መጀመሪያ ዓመት አልቅሼ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ክርስቲያን ዓረብ ጎረቤቶቼ እሰጣቸዋለሁ። አደራ ማስቀመጥ አይደለም፣ መስጠት ነው፣ የነሱ ነው። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ እሄድና "ትንሽ እርሾ ስጡኝ" እላለሁ፣ እንደ እትዬ ዘመን። ባለፈው ሲሰጡኝ ከኔ እጅ ከነበረበት በርትቶ ነው ያገኘሁት። ምን አበሉት ብዬ ብጠይቅ ሙሉ የስንዴ ዱቄት ነው አሉኝ። አንቺም ሞክሪ፣ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ከነገለባው። እርሾ ገለባ ይወዳል።

ቡሆ · ረቡዕ ማታ 4፡00

የጎፋዋ፣ የኔ እርሾ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያንቺን ከምትጠብቂ ግማሹን ልስጥሽ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ሳር ቤት፣ ታክሲ መያዣው ጋ። ቢጫ ክዳን ያለው ጠርሙስ የያዘ ሰው ካየሽ እኔ ነኝ።

የጎፋዋ · ቅዳሜ ከሰዓት 8፡20

ተገናኘን። ጨዋ ሰው ነው፣ ሚስቱም አብራው ነበረች፣ አንድ ዳቦ ጨምረው ሰጡኝ። እዚያው ቆመን ቆርሰን በላን፣ ያለ ምንም፣ ያልቀመሰ ተራ አስከባሪ አልነበረም።

አሁን ወደ ሐዘኑ። ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ታክሲ ገባሁ። እንዳይፈስ ብዬ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ አጠበቅኩት። ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ ፀሐይዋ በመስኮት ቦርሳው ላይ ነው ያለችው። ጎፋ መብራት ሳንደርስ "ጧ!" ሾፌሩ ጎማ መስሎት ዳር ያዘ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከቦርሳዬ አረፋ ይወጣል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን ሰበሰበች። ረዳቱ መጥቶ አሸተተና "እማ፣ ጠላ ነው?" አለኝ።

"ዳቦ ነው" አልኩት።

"ዳቦ ይፈነዳል እንዴ?"

የተረፈው ሦስት ማንኪያ ነው። የመታወቂያዬ ማኅደር ውስጥ የገባውም ቢቆጠር አራት። ቀልቤዋለሁ።

ቡሆ · ቅዳሜ ከሰዓት 8፡45

ክዳኑን እንዳታጠብቂ ልነግርሽ ነበር እኮ! ዳቦው አዘናግቶኝ ነው፣ ይቅርታ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ቅዳሜ ማታ 4፡30

ለመንገድ አድርቁት። ብራና ወረቀት ላይ በስሱ ቀቡት፣ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። በላስቲክ ይዛችሁ የትም አገር። ስትደርሱ ለብ ያለ ውሃና ዱቄት ነው። አይፈነዳም፣ ጠላም አይባል።

የጎፋዋ · እሑድ ማታ 4፡10 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡ።

እርሾው በአምስተኛው ቀን በ7 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ሦስት ቀን ደጋግሜ አየሁት፣ ላስቲኩን እያለፈ። ዓርብ ማታ ዱቄት 500፣ ውሃ 330፣ ጨው 10፣ እርሾ 100 አድርጌ አራት ጊዜ አጠፍኩት፣ እውነትም ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንደ ጨቅላ ሕፃን ጉንጭ ሆነ። ብርጭቆዋን አጠገቡ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ ማለት ይቻላል። 9 ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ቅርጽ አስይዤ በማጥለያው ፍሪጅ ከተትኩ፣ ቅዳሜን ሙሉ ዋለ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ድስቱን አጋልኩ፣ ሊጡን ገለበጥኩት፣ በምላጭ ላዩን ሰነጠቅኩት፣ ከደንኩት። ገና 12 ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ።

ቁጭ አልኩ መሬት ላይ። ባለቤቴ ዘንድሮ ስቆ የማያውቅ ይመስል ዝም አለ። ከዚያ የእትዬ ነገር ትዝ አለኝ፣ ከላይም ከታችም። ለቡና ያቀጣጠልነው ከሰል ነበር። ድስቱን እንደተከደነ አውጥተን ምድጃው ላይ በጡብ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍሙን በአካፋ ደረደርንበት። የግቢው ሰው ሁሉ መጣ። የላይኛው ቤት ሴትዮ "ፍሙን ወደ ዳር አድርጉት፣ መሃሉ ያራል" እያሉ አዘዙን። 35 ደቂቃ። አወጣሁትና ገለበጥኩት፣ ኳ ኳ አደረግኩት። ከበሮ! ቴርሞሜትሩን ረሳሁት፣ ኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዱ ጎኑ ጠቁሯል፣ እሳቱ ወደዚያ ስለበዛ። ቅርጹም ባርኔጣ የተቀመጠበት ይመስላል። እንዲበርድ አንድ ሰዓት ጠብቁ ቢባልም 20 ደቂቃ ነው የቻልነው። ውስጡ ግን ዓይን አለው! ከላይ እስከ ታች፣ ትንንሽ፣ ያለ ዋሻ። የጠቆረውን ፍቀን በላነው። እናቴ ስልክ ላይ "ድምፁን አሰሚኝ" አለች፣ ቅርፊቱን ስልኩ አጠገብ ሰበርኩላት።

እትዬ አክንባሎ · ሰኞ ጠዋት 1፡20

እልልልል! ልጄን ቀስቅሼ ነው ያጻፍኳት። የሚቀጥለው ግን ኮባ ከሥሩ ይግባበት። የጠቆረው ለዚያ ነው።

ዱባይ ምድጃ · ሰኞ ጠዋት 3፡00

በጣም ጥሩ። አሁን ውሃውን ወደ 340 አሳድጊ፣ ሌላ ምንም አትንኪ። አንድ ነገር ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚቀየረው፣ አለበለዚያ ምኑ እንደጠቀመሽ አታውቂውም።

እትዬ፣ ኮባውን እኔም ሆቴል ውስጥ ልሞክረው ነው፣ የሙዝ ቅጠል ነው የማገኘው። ይሆናል?

እትዬ አክንባሎ · ሰኞ ጠዋት 3፡25

ይሆናል። መጀመሪያ እሳት ላይ ለብለብ አድርገው፣ አለዚያ ይሰነጠቅብሃል።

ሰው ምን ይለኛል · ሰኞ ማታ 2፡00

እ... ጀሞ ነኝ። ለእናቴ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። ትንሽ እርሾ ይገኛል?

የጎፋዋ · ሰኞ ማታ 2፡05

ይገኛል። ቅዳሜ 4 ሰዓት ሳር ቤት። ክዳኑን ላላ አድርጌ ነው የማመጣው፣ ፌስታል ይዘህ ና።